መድረሻው የተሰጠን፣ መንገዱ የተተወልን

በስማዳ፣ በእስቴና በጋይንት ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ብቅል ያልገባበት ድፍድፍ ጠላ አይሆንም። የበቀለው ገብስ በውስጡ የያዘው ኢንዛይም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ ስኳሩን ደግሞ እርሾ ተቀብሎ አልኮል ያደርገዋል። የሚያስደንቀው ኢንዛይሙ አንዱን የስታርች ሰንሰለት ቆርጦ ሲጨርስ እርሱ ራሱ አብሮ አለማለቁ ነው፤ እንዳለ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ስዊድናዊው ኬሚስት በርዜሊየስ እ.ኤ.አ. በ1835 ለዚህ ዓይነቱ አሠራር «ካታሊሲስ» የሚል ስም አወጣለት፤ ለውጡን የሚያቀላጥፈው አገልጋይም ካታሊስት ተባለ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ቡክነር በ1897 ሕያው ሴል የሌለበት የእርሾ ጭማቂ ስኳርን ወደ አልኮል እንደሚለውጥ ሲያሳይ፣ የማድ ቤቱ ጋንና የፋብሪካው ጋን ለአንድ ሕግ እንደሚገዙ ታወቀ።

ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ከባድ የእምነትና የፍልስፍና ጥያቄ ተሸክሟል። ሰው የተፈጠረውን ቁስ ሲያነድ፣ ሲያቀልጥ፣ ሲያዋሕድና ሲለያይ በፈጣሪ ሥራ ጣልቃ እየገባ ነው ወይስ የተሰጠውን አደራ እየተወጣ? አንዳንዱ ምእመን ኬሚስትሪን በጥርጣሬ ያየዋል፤ ፈጣሪ የሠራውን ማፍረስ ይመስለዋል። አንዳንዱ ዘመናዊ ትምህርት የቀመሰ ደግሞ ሰው አዲስ ነገር መፍጠር ከቻለ ፈጣሪ ምን ያደርግለታል ይላል። ሁለቱ የተጣሉ ይምሰሉ እንጂ የሚነሡት ከአንድ ስሕተት ነው፤ ሁለቱም የሰውን ሥልጣን ከልኩ በላይ ያገዝፉታል። የካታሊስት ጥናት፣ በተለይም ኬሚካዊ ሥራን ከብክለት ለማጽዳት ዛሬ ናኖ በሚባሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች የሚካሄደው ምርምር፣ የሰው ሥልጣን የት ላይ እንደሚያበቃና ተጠያቂነቱ የት ላይ እንደሚጀምር አጥርቶ ያሳያል። ክርክሬ ይህ ነው፦ ቁስ አካል የት የት ሊደርስ እንደሚችል የወሰነው ሰው አይደለም፤ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ መምረጥ ግን ለሰው ተትቷል፤ ስለዚህ የምንጠየቀው በመንገዱ ነው።

ካታሊስት የማይችለውን ማወቅ የሚችለውን ከማወቅ ይቀድማል። ማንኛውም ኬሚካዊ ለውጥ የራሱ ሚዛን አለው፤ ሙቀቱና ግፊቱ ከታወቀ ለውጡ እስከ የት እንደሚሄድ የተወሰነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 በዚህ ጥናቱ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ቪልሄልም ኦስትቫልድ፣ ካታሊስት የለውጥን ፍጥነት እንጂ ሚዛኑን እንደማይነካ አጥብቆ አስተምሯል። ምክንያቱ ለማስተዋል አይከብድም፤ ካታሊስት ሚዛኑን የሚያዛንፍ ቢሆን ኖሮ በዝግ ዕቃ ውስጥ እያስገቡና እያወጡ ብቻ ካለ ማገዶ ሞተር ማዞር፣ ከባዶ ኃይል መቅዳት ይቻል ነበር። ይህ ደግሞ በዓለም ላይ ታይቶ አያውቅም። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ጋይንት ለሚሄድ መንገደኛ በጉና ተራራ ጫፍ ላይ መውጣትም፣ በጉና ወገብ መዞርም ይቻላል፤ ጫፉን የመረጠ ደክሞት ከመንገድ ሊቀር ይችላል፣ ወገቡን የመረጠ በጊዜ ይገባል። የደብረ ታቦርና የጋይንት ከፍታ ግን በየትኛውም ቢኬድ አይለወጥም። ካታሊስት በወገብ በኩል ያለውን መዞሪያ የሚከፍት ነው። ተራራውን አይንድም፣ አገሩንም ከቦታው አያነሣም፤ እንዲደረስበት የተፈቀደውን ቦታ ያቀርባል።

ይህን በሥራ ካሳዩት ሰዎች አንዷ የአገራችን ልጅ ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ናት። አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ የተሰደደችው ሶስና፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተምራ፣ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዓመታት አስተምራ፣ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ትሠራለች። እ.ኤ.አ. በ2001 ጠጣር አሲድ የሚባሉ ጨው መሰል ቁሶች ነዳጅን ሳያነድ ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጥ የነዳጅ ሴል ውስጥ ፕሮቶንን ማሻገር እንደሚችሉ ከባልደረቦቿ ጋር አሳየች። በ2020 ደግሞ እርሷና ባልደረቦቿ አሞኒያን በ250 ዲግሪ ሴልሺየስ ለይተው ንጹሕ ሃይድሮጂን የሚያወጣ ሴል ይፋ አደረጉ። በዚህ ሙቀት የአሞኒያ ሚዛን ወደ መለያየት ያጋደለ ነው፤ ነገር ግን መንገድ ስለሌለው አሞኒያው እንዳለ ይቀመጣል። በተለመደው አሠራር እንዲለያይ ለማድረግ ከ500 ዲግሪ በላይ ይነድበታል። የእነሶስና ሴል ግን በካርቦን ናኖ ቱቦ ላይ ያረፉ የሩቴኒየም ቅንጣቶችን መንገድ ከፋች አደረገ፤ የተለየውን ሃይድሮጂን ጠጣሩ አሲድ ወደ ማዶ ያሻግረዋል፣ ናይትሮጅኑም ወደመጣበት አየር ይመለሳል። ሩቴኒየሙ አሞኒያን ያልተፈቀደለት ቦታ አላደረሰውም፤ ተፈቅዶለት ሳለ ቆሞ የቀረበትን በር ከፈተለት።

የሶስና አባት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ መሆናቸውን እዚህ ላይ ማስታወስ ለክርክሩ ይጠቅማል። በ1968 ዓ.ም. በወታደሮች ጥይት ተመተው እግራቸው ሽባ የሆነው እኒህ የግእዝ ሊቅ፣ ቀሪ ዘመናቸውን በሚኒሶታ በሚገኘው የሂል የብራና መጻሕፍት ቤተ መዛግብት የኢትዮጵያን ብራናዎች ሲያነቡና ሲመዘግቡ ኖረው እ.ኤ.አ. በ2021 ዐረፉ። ብዙዎች የአባትና የልጅን ሥራ ሰማይና ምድር አድርገው ያዩት ይሆናል፤ አንዱ የቅዱሳን ቃል፣ ሌላው የሙቀትና የብረት ጉዳይ። ነገር ግን አባት ያነበቡት ጥቁር ቀለም ከምን ተሠራ? ቁም ጸሐፊዎቻችን ከምድጃ ጥላሸት፣ ከቆላ እህልና ከውኃ በጥብጠው፣ ለወራት አስቀምጠው ያበሰሉት ነው። ያ ጥላሸት በዓይን የማይታይ የካርቦን ቅንጣት ሲሆን፣ በዛሬው የነዳጅ ሴል ውስጥም የፕላቲኒየም ናኖ ቅንጣቶች የሚቀመጡት የጥላሸት ዘመድ በሆነ ካርቦን ላይ ነው። በጋይንት ድጓና ዝማሬ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲሻገር የተጻፈበት ቀለም፣ ጥላሸትን በልኩና በጊዜው የማሠራት ጥበብ ውጤት ነበር። ቁስን መለወጥና ቅዱስ ነገርን ማገልገል በእኛ ባህል ተጣልተው አያውቁም ማለት ነው፤ ብራናችን ራሱ ምስክር ነው።

ካታሊስት መንገድ ብቻ ይከፍታል ካልን ግን ጥያቄ ይነሣል፤ መድረሻው ተወስኖ ካለቀ ለሰው ምን ምርጫ ቀረለት? መልሱ ያለው ኬሚስቶች መራጭነት በሚሉት ባሕርይ ውስጥ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጂን ተደባልቀው በኒኬል ላይ ቢያልፉ ሚቴን ጋዝ ይሆናሉ፤ በመዳብና በዚንክ ኦክሳይድ ላይ ቢያልፉ ሜታኖል ይሆናሉ፤ በብረት ወይም በኮባልት ላይ ቢያልፉ እንደ ናፍጣ ያለ ረጅም ሰንሰለት ይሆናሉ። መነሻው አንድ ነው፣ ሦስቱም መድረሻዎች የተፈቀዱ ናቸው፤ የትኛው እንደሚፈጸም የሚለየው የተከፈተው በር ነው። የሰው ነጻ ፈቃድም የሚመስለው ይህንን ነው። ሰው የሚቻለውንና የማይቻለውን አልደነገገም፤ በሚቻሉት መካከል ግን ቆሞ ይመርጣል። ሁሉ በእጄ ነው የሚል ትዕቢተኛ ሚዛኑን ረስቷል፤ ምንም በእጄ የለም የሚል ሰነፍ መራጭነቱን ረስቷል። ቤተ ክርስቲያናችን ነጻ ፈቃድ ብላ የምታስተምረው ነገር በሁለቱ መካከል ያለች ጠባብና እውነተኛ ቦታ ናት፤ ካታሊስትም በቁስ ዓለም ውስጥ ያችን ቦታ ይይዛል።

ስለ ኃይል ያለንን ግምትም ይህ ምርምር ያርመዋል። አጼ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ እስከ 7 ቶን እንደሚመዝን ይነገራል፤ ከዚያ በጋይንት ምድር፣ በገደልና በዳገት፣ እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎተተ። ለዚህ አገር ሰው ኃይል ማለት ግዝፈት ቢመስለው አያስገርምም። ናኖ ቅንጣት ግን ኃይልን ከመከፋፈል ያገኛል። ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ኩብ ብረት የሚነካ ፊቱ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ያንኑ ብረት ጎናቸው 10 ናኖ ሜትር ወደሆኑ ኩቦች ብንከፋፍለው፣ አንዲት ግራም ሳንጨምር፣ የሚነካው ፊት 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። የማይለወጥ በመሆኑ የተከበረው ወርቅ እንኳ ከዚህ አልወጣም፤ ጃፓናዊው ማሳታኬ ሃሩታ እ.ኤ.አ. በ1987 እንዳስታወቀው፣ ወርቅ ጥቂት ናኖ ሜትር ወደሆነ ቅንጣት ሲወርድ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜ መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። በክምሩ ውስጥ ሥራ ፈት ሆኖ የተቀበረው አቶም ወደ ፊት ሲወጣ አገልጋይ ሆነ። የዋሻ አባቶች ትሕትናን ድካም ነው ብለው አያውቁም፤ ቁስ አካልም በራሱ ቋንቋ የሚናገረው ከዚህ የራቀ አይደለም።

የመንገድ ምርጫ የሥነ ምግባር ጉዳይ የሚሆነው ብክነት ሲገባበት ነው። ለሕመም ማስታገሻ የምንወስደው አይቡፕሮፌን መጀመሪያ በስድስት ደረጃ ይሠራ ነበር፤ ወደ ሥራው ከገባው አቶም በክብደት 40 በመቶው ብቻ መድኃኒት ሲሆን የቀረው ዝቃጭ ነበር። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ኒኬልና ፓላዲየምን የመሳሰሉ ካታሊስቶች ያሉበት የሦስት ደረጃ አሠራር መጣ፤ ወደ መድኃኒትነት የሚደርሰው ድርሻም ወደ 77 በመቶ ከፍ አለ። መድኃኒቱ አንድ ነው፣ በሽተኛው ልዩነቱን አያውቀውም፤ ልዩነቱን የሚያውቀው ከፋብሪካው በታች ያለው ወንዝ ነው። ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር በ1998 የአረንጓዴ ኬሚስትሪን 12 መርሆች ሲጽፉ የመጀመሪያው ዝቃጭን ከማጽዳት አለመፍጠር ይሻላል የሚል ነበር፤ ዘጠነኛው ደግሞ ካታሊስትን የሚመለከት ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ለሰው ሁለት ነገር ይሰጠዋል፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ምድርን መግዛትን፣ በሁለተኛው ደግሞ የአትክልቱን ቦታ ማልማትንና መጠበቅን። ስለመጀመሪያው ብዙ ሰብከናል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ልጓም መሆኑን ግን ረስተናል። በቀኖናችን ውስጥ ያለው መጽሐፈ ጥበብም ፍጥረት በልክና በሚዛን የተሠራ መሆኑን ያስተምራል። ፍጥረት በሚዛን ከተሠራ፣ ካለ ሚዛን ማባከን የሠሪውን ሥራ መናቅ ነው።

ለዚህ የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ የቁስን ባሕርይ መነካካት በራሱ ድፍረት ነው የሚል ነው። ይህ አስተሳሰብ በአገራችን ሥር የሰደደ ታሪክ አለው፤ ብረት አቅላጩን፣ ቆዳ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን በምትሐት ጠርጥረን፣ ቡዳ ብለን ገፍተናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ መከልከል ያስፈለጋቸው በደሉ ሥር ስለሰደደ ነው። ተቃውሞውን ራሱ ፍጥረት ይመልሰዋል። የጋይንት ገበሬ ገብስ ካለፈበት ማሳ ላይ ባቄላ የሚዘራው መሬቱ እንዲያገግም ነው፤ በባቄላው ሥር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ብረትና ሞሊብዲነም ባለበት ኢንዛይም የአየሩን ናይትሮጅን በአፈሩ ሙቀት ብቻ ወደ አሞኒያ ይለውጣሉ። ፍሪትዝ ሃበርና ካርል ቦሽ በብረት ካታሊስት ይህንኑ ለማድረግ ከ400 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ከከባቢ አየር ከ100 እጥፍ በላይ የሆነ ግፊት አስፈልጓቸዋል። ካታሊስት ሰው ከመፈጠሩ በፊት በሣሩና በአፈሩ ውስጥ ሲሠራ ነበር። የተሻለ ካታሊስት የሚፈልግ ኬሚስት እንግዳ ሥራ አልጀመረም፤ ከባቄላ ሥር እየተማረ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ካታሊስት ለመልካም መንገድ እንደሚከፍት ሁሉ ለክፉም ይከፍታል። የሃበር አሞኒያ ማዳበሪያ ሆኖ ሚሊዮኖችን መገበ፤ ያው አሞኒያ ፈንጂም ሆነ፤ ሃበር ራሱ በሚያዝያ 1915 (እ.ኤ.አ.) በኢፕር ጦር ሜዳ የተለቀቀውን የክሎሪን ጋዝ መርቷል። እኛም በ1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ያዘነቡትን የመርዝ ጋዝ አንረሳውም። ናኖ ቅንጣቶችም ጉዳት አላቸው፤ ባክቴሪያ የሚገድለው የብር ቅንጣት ወንዝ ውስጥ ሲገባ የሚጠቅመውን ተሕዋስም አይምርም፤ አቧራው ሳንባ ውስጥ ይገባል። ደግሞም ካታሊስት ዘላለማዊ አይደለም፤ ቅንጣቶቹ በሙቀት ተጣብቀው ይገዝፋሉ፣ በድኝ ይመረዛሉ፤ ፕላቲኒየምና ሩቴኒየም ብርቅ ናቸው፣ ሲቆፈሩም ምድር ይቆስላል። በወለጋ ዩብዶ ፕላቲኒየም ያላት አገር ይህን ዋጋ ልትዘነጋው አይገባም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ክርክሬን ግን አያፈርሰውም፣ ያጸናዋል። ካታሊስቱ በራሱ ቅዱስ ነው አላልኩም፤ መንገድ የመምረጥ ተጠያቂነት የሰው ነው አልኩ እንጂ። ቅንጣቱን ካረፈበት ደጋፊ ቁስ ጋር አጽንቶ መያዝ፣ ከሥራ በኋላ መልሶ መሰብሰብ፣ ብርቁን ማዕድን በብረትና በኒኬል ለመተካት መድከም፣ እነዚህ ሁሉ የዚያው ተጠያቂነት ክፍሎች ናቸው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከስማዳዋ ከተማ ከወገዳ ይነሣል፤ ምጣዷን በኩበት ለምታሰማ እናት የሩቴኒየም ወሬ ምን ይሠራላታል? ለራበው ሰው ስለ ናኖ ቅንጣት ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? ኩበቱን ተከትለን እንሂድ። እንጨቱ ስላለቀ ኩበት ይነድዳል፤ ኩበት ሲነድ በውስጡ የነበረው ናይትሮጅን በጢስ ይሄዳል፤ ማሳው ይራባል፤ ገበሬው የጎደለውን በዩሪያ ለመተካት ይበደራል፤ ዩሪያው ደግሞ በባዕድ አገር ከተፈጥሮ ጋዝ፣ በብረት ካታሊስት የተሠራ ነው። አፈሩ በክረምት ጎርፍ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይወርዳል። የስማዳ እናት ምድጃ በካታሊስት ጉዳይ ውስጥ አስቀድሞ ገብቷል፤ ያልገባው የእርሷ ድምፅ ነው። አሞኒያ በውኃ ኃይል ከውኃና ከአየር ቢሠራ፣ ኩበቱ ከምድጃ ድኖ ወደ ማሳ ቢመለስ፣ በመጀመሪያ የሚያርፈው ይህ አፈር ነው። ብክነት ሁልጊዜ የሚወርደው ወደ ድሃው ደጅ ነው፤ ስለዚህ የጠራ መንገድ መፈለግ ከሁሉ በፊት የድሃ ጉዳይ ነው።

አራተኛ፣ ግዑዝ ነገር ሥነ ምግባር የለውም፣ ስለ አቶም እያወሩ ስለ ጽድቅና ኃጢአት መናገር ነገር ማምታታት ነው የሚሉ አሉ። ልክ ነው፣ አቶም አይጸድቅም፣ አይኮነንም። ነገር ግን ሰው ከባልንጀራው ጋር የሚገናኘው በቁስ በኩል ነው፤ በእህል፣ በውኃ፣ በአየር። አባቶቻችን ሥጋ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት የተዋቀረ ነው ብለው ሲያስተምሩ፣ በእነዚህ ላይ የሚደረገው ሁሉ በሰው ላይ እንደሚደረግ እየነገሩን ነው። ወንዝ ውስጥ ዝቃጭ የጣለ ሰው ከውኃው ጋር አልተጣላም፤ በታች በኩል እንስራዋን ከምትሞላው ልጅ ጋር ተጣልቷል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ሰው ፈጣሪ አይደለም፣ ጣልቃ ገብም አይደለም፤ በር ጠባቂ ነው። ምን ምን ሊሆን እንደሚችል በሚዛን ተወስኖ ተሰጥቶታል፤ የትኛውን በር እንደሚከፍት ግን ይጠየቃል። በወገዳ፣ በመካነ ኢየሱስና በነፋስ መውጫ ኬሚስትሪ የምታስተምሩ መምህራን፣ ካታሊስትን ስታስተምሩ ከብቅሉና ከባቄላው ጀምሩ፤ ተማሪው ሳይንስን እንደ እንግዳ አያየውም። የኔታዎችና ካህናትም፣ ስለ አደራ ስታስተምሩ ከፋብሪካ ስለሚወጣው ዝቃጭና ከማሳ ስለሚሄደው አፈር አስተምሩ፤ ምድርን መጠበቅ ከትእዛዛቱ መካከል ያለ ትእዛዝ ነውና። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ ገና ያልፈሰሰውን መጠበቅ ግን ይቻላል፣ ግዴታችንም ነው።